ቤቴ ምን ተብሎ ይጠራ? ግልጽ ደብዳቤ ከሐዋሳ

በሐዋሳ የቤት፣ የቱሪዝምና የገቢ ጉዳይ በእጃችሁ ላለ ኃላፊዎች፣

ግልባጭ፦ «ሐዋሳ ላይ አንድ ቤት ሠርቼ በቀን ባከራይስ?» እያላችሁ ለምትደውሉልኝ ዘመድ ወዳጆቼ በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስም እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

ስም የምጠይቀው ለራሴ አይደለም። የኔን አባቴ ድሮ አውጥቶልኛል። የምጠይቀው ለቤቴ ነው።

ቤቴ ለሐይቁ ቅርብ ነው። በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ኩሽናና መታጠቢያ አለው። እኔና ባለቤቴ ጓሮ ባለው ሰርቪስ ውስጥ እንኖራለን፤ የፊቱን ቤት እናከራያለን። በፊት በወር ነበር። አሁን በቀን ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ለውጥ ነው።

ቤቱን የጨረስነው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያን ክረምት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ኪራይ ብቻ ያወራ ነበር። የውጭ አገር ባለሙያዎች ይመጣሉ፣ በዶላር ይከፍላሉ ተባለ። በዶላር የከፈለኝ የለም፤ ግን አንድ የስሪላንካ ሰው ገባልን። የስፌት ባለሙያ ነበር። ኪራዩን አንድ ቀን አላሳለፈም። ጠዋት ጠዋት የሚጠብሰው ቅመም እስከ ጓሮ ድረስ ያስነጥሰን ነበር እንጂ ሌላ ክፋት አልነበረውም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ሄደ። አልተመለሰም። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድሏ፣ አስወጣች። ያኔ የእሱ ዓይነት ተከራይ መጠበቁን ተውኩት።

ቀጥሎ የገባው የድሮው የደቡብ ክልል ሠራተኛ ነበር፤ ከነሚስቱ ከነልጆቹ። ነሐሴ 2015 ክልሉ ለሁለት ሲከፈል መሥሪያ ቤቱም ከሐዋሳ ተነሳ። በዚያ ሰሞን በየሰፈሩ አይሱዙ ላይ አልጋና ቁም ሳጥን ሲጫን ያላየ ሐዋሴ የለም። ግማሹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ግማሹ ወደ ሆሳዕና፣ ግማሹም ወደ አርባ ምንጭ። የኔም ተከራይ ሄደ። ቁልፉን ከነማንጠልጠያው አስረከበኝ። ከዚያ ቤቱ አራት ወር ባዶውን ተቀመጠ። በየመንገዱ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ፈላጊ ግን የለም።

ያኔ ነው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ዕቃ አሟልተን በቀን እናከራየው» ያለኝ። ስልኩ ላይ ደመረልኝ። በቀን 3,000 ብር ሲባዛ በ30 ቀን፣ 90,000 ብር። በወር ስናከራየው 25,000 ነበር። ቁጥሩን ሳየው ልቤ ደነገጠ፤ በደስታ። ያቺ ስሌት ስንቱን ሰው እንዳሳሳተች አሁን ገባኝ። ከውጭ የምትደውሉልኝም ይህችኑ ስሌት ይዛችሁ ነው የምትመጡት። ወሩ 30 ቀን አለው፤ እንግዳው ግን 30 ቀን የለውም።

የሐዋሳ እንግዳ አመጣጡ የራሱ ሥርዓት አለው። ዓርብ ማታ ይገባል፣ እሁድ ከሰዓት ይወጣል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ቤቱን የምንቃኘው እኔና ድመቷ ነን። አንዳንዴ የድርጅት ሥልጠና ሲኖር የሳምንቱ ቀንም ይሞላል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ አልጋ አይገኝም፤ ሐምሌ 19ም እንዲሁ። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሲደርስ ወላጅ ከየአገሩ ይመጣል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላም አለ፤ ግን ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብት የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው፤ እኔ ከወራት በፊት ዋጋ ልቁረጥ ብል አልችልም። ጥር የሠርግ ወር ነው። አዲስ ሙሽሮች ወደ ሐይቃችን ይመጣሉ፤ ይባረኩ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሠርግ የለም። ቤቱም አብሮ ይጾማል።

የመጋቢትን ደብተሬን ልግለጥላችሁ። ስምንት ሌሊት ተከራየ። 24,000 ብር ገባ። ለደላላ 1,500 ወጣ። ለምታጸዳልኝ ልጅ ደሞዟ 5,000። ውሃ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ቦቴ አስመጣሁ፣ 3,500። ለአንሶላ አጠባ፣ ለሳሙናና ለጋዝ 2,600። ለመብራትና ለኢንተርኔት 1,900። የሻወር ማሞቂያው ተቃጥሎ 2,500። የቀረኝ 7,000 ብር ነው። ግብሩ ገና አልተነሳም። በታኅሣሥ 16 ሌሊት ተከራይቶ ደህና ብር አግኝቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ታኅሣሥ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ሕጋዊ ልሁን ብዬ የተነሳሁት ራሴ ነኝ። የጠራኝ የለም፣ የከሰሰኝም የለም። ባለቤቴ «ተይ፣ ያልበላሽን አትከኪ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ እንቅልፍ አይሰጠኝም። የካርታዬን ኮፒ ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ቢሮ ትሁት ወጣት አገኘሁ። ነገሩን አስረዳሁት። «በቀን ካከራዩማ ፔንሲዮን ነው እናቴ» አለኝ። ፔንሲዮን ከሆነ የንግድ ፈቃድ ይወጣል። እንግዳ መቀበያ ይኑረው፣ የመኪና ማቆሚያ ይኑረው፣ እሳት ማጥፊያ ይኑረው። እሳት ማጥፊያውን በማግስቱ ገዛሁ፤ እውነቱን ነው ብዬ። እንግዳ መቀበያውን ግን ከየት ላምጣ? ሁለት መኝታ ነው ያለኝ። አንዱን መቀበያ ባደርገው የተቀበልኩት እንግዳ የት ይተኛል? ደግሞም ካርታዬ ላይ የተጻፈው «ለመኖሪያ» የሚል ነው። በሊዝ አዋጁ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ለንግድ ሲሆን ዘመኑም ዋጋውም ሌላ ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ለውጥ ልጠይቅ ነው ማለት ነው። ለሁለት አልጋ!

ሁለተኛው ቢሮ ያለችው ልጅ ፈጣን ናት። ካርታውን ገና ከማየቷ «ይሄማ የመኖሪያ ቤት ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን አላዩትም?» አለችኝ። አይቼዋለሁ አልኳት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅ፣ ክፍያው በባንክ ይሁን፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል።

«እንግዲያው የተከራዩን ውል ያምጡና እንመዝግብልዎ።»

«የኔ ልጅ፣ ተከራዬ ዓርብ መጥቶ እሁድ ይሄዳል።»

«ይሂድ። ውሉ ግን የሁለት ዓመት ነው መሆን ያለበት።»

ሁለታችንም ተያየን። ቀልድ አልነበረም፤ ከፊቷ ያለው ቅጽ ላይ ሌላ አማራጭ የለም። ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው የሁለት ዓመት ውል።

ሦስተኛው ቢሮ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው የተቀበሉኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ በደንብ አዳመጡኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርስዎ ደግሞ ምን አስጨነቀዎት? እንደ ሌላው ዝም ብለው አይሠሩም?» አሉኝ።

ስቄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን አላሳቀኝም።

አዋጁን እየነቀፍኩ አይደለም። ያስፈልግ ነበር። አከራይ በየሦስት ወሩ ኪራይ እየጨመረ ልጆች ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲንከራተቱ ኖረዋል። አስተማሪ ስለነበርኩ አውቃለሁ፤ በየካቲት ከክፍል የጠፋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለቀቀ ልጅ ነው። አዋጁ የታሰበው ለእነሱ ነው። እኔ ያለሁበት ቦታ ግን አዋጁ ያሰበው አይደለም። ሆቴል አይደለሁም። አከራይም አይደለሁም። መሀል ላይ ነኝ።

መሀል መሆን ደግሞ በነጻ አይደለም። ግብሩን ብቻ ብንወስድ፣ የቤት ኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ «ለ» ውስጥ ነው፤ ቤቱ ከነዕቃው ቢከራይም የዕቃው ኪራይ አብሮ እዚያው ይገባል። ንግድ ነው ከተባለ ግን ወደ ሠንጠረዥ «ሐ» ይሄዳል። ለመኖሪያ የተከራየ ቤት ተጨማሪ እሴት ታክስ የለበትም፤ የሆቴል አልጋ ግን 15 በመቶ አለበት። ስለዚህ የስሙ ነገር የቃላት ጨዋታ አይደለም። ስሙ ሲለወጥ ሒሳቡ ይለወጣል። እኔ በበኩሌ በሠንጠረዥ «ለ» አስታውቄ እየከፈልኩ ነው። ልክ ነሽ ያለኝም፣ ተሳስተሻል ያለኝም የለም። ነገ አንዱ መጥቶ «የሦስት ዓመት ውዝፍ ከነቅጣቱ» ቢለኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም።

ስም በሌለበት ቦታ ደግሞ ማን እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ደላላ።

ደላላን ሁሉ አልሰድብም። አንዳንዱ ከመናኸሪያ እንግዳ በባጃጅ ይዞ ሲመጣ ድካሙን አያለሁ። 10 በመቶውን ሳልሰስት ነው የምሰጠው። ግን ባለፈው ዓመት የገብርኤል ዋዜማ የሆነውን ስሙልኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ስወጣ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ሦስት ልጆች። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ነው የመጡት። «ቤቱን ተከራይተናል፤ ቀብድ ከፍለናል» ይላሉ። ስልካቸውን አሳዩኝ። ቴሌግራም ላይ የቤቴ ፎቶ አለ። የራሴ ሳሎን፣ የራሴ መጋረጃ፣ እናቴ የሠራችው ሌማት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ። 6,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ልከዋል፤ ለማላውቀው ሰው። ቁጥሩ ላይ ደወልን። ተዘግቷል።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ እንግዳ ነበር፤ በሥርዓት የተከራየ። አያቲቱ ከመኪናው ወርደው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ምን ላድርግ? ሴቶቹንና ልጆቹን ሰርቪሳችን ውስጥ አስተኛኋቸው። ባለቤቴ፣ አባትየውና ሾፌሩ መኪናው ውስጥ አደሩ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ሲመለሱ ቡና አፈላሁላቸው። ዛሬ ድረስ ይደውሉልኛል፤ ዘመድ ሆነናል። 6,000 ብራቸው ግን ቀረ። ለማመልከት ሄደን «ቤቱ የተመዘገበ ነው?» ተባልን። አይደለም። «እንግዲያው ደላላው የማን ቤት ነው ያከራየው?» ተባልን። ጥያቄው ልክ ነው። መልሱ ነው የጠፋው።

ደጃፌ ላይ የምትሰቀል አንዲት የምዝገባ ቁጥር ብትኖር ኖሮ እኮ፣ «ቁጥሩን ላክልኝ» ማለት ይችሉ ነበር።

ስለ ውሃ ካላነሳሁ ሐዋሴ አይደለሁም። ሐይቅ አጠገብ ተቀምጠን ውሃ በፈረቃ ነው። ተከራይ በወር ሲገባ ከፈረቃው ጋር ይላመዳል፤ ባልዲውን ይሞላል፣ ልብሱን ውሃ በመጣ ቀን ያጥባል። የሁለት ሌሊት እንግዳ ግን ሻወሩን ከፍቶ ይዘፍናል። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ በአንድ ቅዳሜ ሲያልቅ አይቻለሁ። ጉድጓድ ላስቆፍር ብዬ ነበር። አንድ ጎረቤታችን አስቆፍሮ ነበርና አማከርኩት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነንና የከርሰ ምድር ውሃችን ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ልጅ እያደገ ሲጠጣው ጥርሱ ይበልዛል። ለመታጠቢያ ይሆናል፣ ለመጠጥ ግን ሌላ ውሃ መግዛት ነው። ተውኩት። ሽንት ቤቱም ሌላ ወጪ ነው። ቤተሰብ ሲኖርበት በሁለት ዓመት አንዴ የምጠራውን መጣጭ መኪና አሁን በዓመት ሁለቴ እጠራለሁ። አራት ሰው ብለው ተከራይተው አሥራ አራት ሆነው ዶሮ ወጥ ሊሠሩ የሚመጡ አሉ። በበዓል ቀን ደግሞ ሰው እንዴት ይመለሳል?

ለሐይቁ ይበልጥ ልጠጋ ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣበት የለም። ዝናብ ሲበረታ ውሃው ወደ ላይ ነው የሚያድገው፣ ወደ ዳርም ይሰፋል። «ሐይቁን በመስኮት ማየት» ደስ ይላል። ሐይቁ በበር ሲገባ ደስ አይልም። ጦጣውንም አትርሱት። ባለፈው በኩሽና መስኮት ገብቶ የእንግዳዬን ዳቦ ከነላስቲኩ ይዞ ወጣ። እንግዳው ቅናሽ ጠየቀኝ። ሰጠሁት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ አይደለም። የሰው ዓይን ነው።

በቀን የሚከራይ ቤት ስሙ ጥሩ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ በየቀኑ አዲስ መኪና ሲቆም ጎረቤት ምን እንደሚያስብ ይገባኛል። «ለሾርት ታከራያለሽ?» ብለው የሚደውሉ አሉ፤ በጠራራ ፀሐይ። በሰዓት አላከራይም። መታወቂያ ሳላይ ቁልፍ አልሰጥም። ጫትና ሺሻ በቤቴ የለም። ይህን ሁሉ ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ የማስከብረውም ብቻዬን ነው። አንድ ቀን አራት ወጣቶች ሙዚቃ ከፍተው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጨፈሩ። ቀንሱ ብላቸው «ከፍለናል እኮ እናቴ» አሉኝ። ጠዋት የዕድራችን ጸሐፊ መጣ። ከዚያ በፊት ለሰላምታ እንጂ ለወቀሳ መጥቶ አያውቅም። አንገቴን ደፋሁ። ያን ቀን በወር ላከራየው ብዬ ወስኜ ነበር።

ለምን አላከራየሁም? እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ግልጽ ደብዳቤ ነው ብያለሁና።

አንደኛ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማላውቀው ሰው ማሰር ፈራሁ፤ መብራቱን ሳይከፍል ቢሄድስ፣ አልወጣም ቢልስ እያልኩ። ሁለተኛ፣ ታኅሣሥ ታማልላለች። ሦስተኛውን ለመናገር ይከብደኛል። የፓርኩ ሴት ልጆች ከኛ ቤት ብዙም ሳይርቅ በአንዲት ክፍል ውስጥ አራትም አምስትም ሆነው ያድራሉ። ፈረቃ ሲቀያየሩ ፍራሹንም ይቀያየራሉ። በአንድ ደሞዝ አንድ ክፍል አይቻልም። ከነሱ አንዷ ተማሪዬ ነበረች። መንገድ ላይ አግኝታኝ «መምህር፣ የፊቱ ቤት ተከራየ እንዴ?» አለችኝ። ለአምስት ሆነው ሊገቡ አስበው ነበር። ሰኞ ነበር ዕለቱ። ቤቱ ባዶ ነው። ጋዙ፣ ፍሪጁ፣ የተነጠፈው አልጋ ሁሉ ዓርብን እየጠበቀ ነው። «አዎ ልጄ፣ ተከራይቷል» አልኳት።

ስለዚህ ሆቴሎቹ «ግብርም ቫትም ሳይከፍሉ ገበያችንን ይሻማሉ» ሲሉን አልቆጣም። ተከራዮችም «ቤቶቹን ሁሉ ለእንግዳ አደረጋችሁት» ሲሉን ሐሰት ነው አልልም። አምስት አፓርታማ ሙሉ ተከራይ አስወጥቶ በቀን የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ። ከአዋጁ ለማምለጥ ብሎ ነው፤ ራሱም አይደብቀውም። እኔና እሱ በአንድ ስም አንጠራ እንጂ ሕግ ይውጣብን። እሱ ሆቴል ነው፤ የሆቴል ሕግ ይያዝለት። በግቢው ውስጥ ራሱ የሚኖር፣ አንድ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። «የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያ» በሉን፣ «የቀን ኪራይ ቤት» በሉን፤ በስሙ አልከራከርም። ዋናው አንድ ቢሮ፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ቁጥር ይኑር። ቁጥሩ በር ላይ ይሰቀል። ቁጥር የሌለውን ቤት ያስተዋወቀ ደላላ ይጠየቅ። እንግዳው ሲገባ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ለፖሊስም ለኔም ይበጃል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ አይከፈት የሚለው ሕግ የመንግሥት ማኅተም ቢኖረው ልጆቹ «ከፍለናል» አይሉኝም ነበር። ግብሩ የቱ ሠንጠረዥ እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረን። ከፍ ቢልም እንከፍላለን፤ ማወቁ ይሻለናል።

ባዶ የሚያድሩትን ቀናትስ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ሐሳብ አለኝ፤ ሞኝ ካላላችሁኝ። ለሁለት ዓመት መዋዋል የሚያስፈራንን ሰዎች የሚያግባባ ነገር ቢኖር ብዙ ቤት ወደ ወር ኪራይ ይመለስ ነበር። ተከራይ መብራትና ውሃ ሳይከፍል ቢሄድ፣ ወይ ባለቤቱ ያለ አግባብ ቢያስወጣ፣ በወራት ሳይሆን በቀናት የሚዳኝ ቦታ ይኑር። እኔን ቤቱን በቀን እንዳከራይ ካደረገኝ ነገር ግማሹ ብር ነው፤ ግማሹ ፍርሃት ነው።

ግልባጭ ለደረሳችሁ ዘመዶቼ ደግሞ አጭር መልስ አለኝ። ከሐምሌ 2016 በኋላ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ «አሁንማ በኛ ገንዘብ ርካሽ ሆነ» ብላችሁ ነበር። የብረቱም፣ የሴራሚኩም፣ የፍሪጁም ዋጋ አብሮ ሄዷል፤ የኔ ፍሪጅ ሲሞት አዲሱን ስጠይቅ ሻጩን ሁለቴ ነው ያስደገምኩት። ከከተማው ዳር፣ ወደ ቱላ አቅጣጫ፣ «የገበሬ መሬት ነው፣ ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ነው የሚለው፤ ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበታል ማለት ካርታ አለው ማለት አይደለም። ካርታ ቢኖርም ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታጣሩ ቀብድ አትላኩ። ውክልና ለወንድምም ቢሆን ገደቡ ተጽፎ ይሰጥ። ቤት የሚያጣላው ወንድምን ነው፤ ባዳ ጋር ፍርድ ቤት ነው የምትገናኙት። እና እባካችሁ 3,000ን በ30 አታባዙ። በ10 አባዙት። ከወጣው ግማሹን ቀንሱ። ከዚያ ደውሉልኝ።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ደብተሬን፣ የካርታዬን ኮፒና እሳት ማጥፊያውን ይዤ ወደፈለጋችሁት ቢሮ እመጣለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የትኛውም ሰዓት ይመቸኛል። ዓርብ ብቻ አልችልም፤ እንግዳ ይገባብኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ
ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር